ሁለት ጊዜ ጋዝ ተጨምሮለት የባሰበት ኤሲ፦ አዳማ ላይ የታየ የአንድ ቪትዝ ጉዳይ

መኪናው አሮጌው ቪትዝ ነው፤ አዳማ ውስጥ በኮንትራት ሰው ያመላልሳል። የባለቤቱ አቤቱታ አጭር ነበር፦ «ኤሲው ይይዝና ይለቃል፤ ይይዝና ይለቃል።» አዝራሩ ላይ ያለችው መብራት አትጠፋም፣ ነፋሱም አያቋርጥም። የሚቋረጠው ቅዝቃዜው ነው። ከኮፈኑ ሥር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ሞተሩ ቀለል ይለዋል፣ ከአየር መውጫው የሚመጣው ነፋስ ለብ ይላል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሌላ «ቀጭ»፤ ሞተሩ ጫና ይሰማዋል፣ ቅዝቃዜው ይመለሳል። ሲለካ በአማካይ 70 ሴኮንድ ይሠራና 35 ሴኮንድ ያርፋል።

እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲመጣ ብዙ ሰው፣ ባለሙያም ጭምር፣ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ አፉ ላይ ነው፦ ጋዝ አንሷል። ይህ መኪናም በሁለት ወር ውስጥ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ጋዝ ተጨምሮለታል። የመጀመሪያው ለውጥ አላመጣም፤ ሁለተኛው አባባሰው። ለሦስተኛ ጊዜ የመጣውም «ወንድሜ፣ አንድ ጣሳ ብቻ ጨምርልኝ፤ ሰው እየጠበቀኝ ነው» ተብሎ ነው።

አልተጨመረለትም። መጀመሪያ ባለቤቱ ተጠየቀ፤ መቼ ይብሳል፣ መቼ ደህና ይሆናል? ማለዳ ደህና ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ይጀምረዋል። ወደ አዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ሲወጣ ሞጆን እስኪያልፍ አንዴም አይለቅም። መነኻሪያው አካባቢ ግን፣ በባጃጅ መሃል በሠላሳና በአርባ ሲጓዝ፣ ጭራሽ ቆሞ ከሚሠራበት ጊዜ የባሰ ነው። ይህች የመጨረሻዋ ነገር እንግዳ ናት፤ መኪና ሲንቀሳቀስ ንፋስ ያገኛል፣ ስለዚህ ቀስ ብሎ መጓዝ ከመቆም መሻል ነበረበት። ለጊዜው ተመዝግባ ትቆይ። ሌላም አለ፤ ራዲያተሩ ፊት ያለው አየር በቂ መሆኑን ሲጠየቅ ባለቤቱ በኩራት የመለሰው፦ «ፋኑማ ገና በየካቲት ነው ሞተሩን ያስቀየርኩት።»

ማን ነው የሚያጠፋው?

ጋዙን የሚጨምቀው የኮምፕሬሰሩ ፑሊ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ በቤልት ይዞራል። ኮምፕሬሰሩ ራሱ ግን የሚዞረው ማግኔቲክ ክላቹ ሲይዝ ብቻ ነው። የክላቹ ኮይል 12 ቮልት ሲያገኝ ከ3 እስከ 4 አምፔር ይስብና ከፊት ያለችውን ሳህን ወደ ፑሊው ያጣብቃል። ሲቋረጥበት ይለቃል። «ቀጭ» የሚለው እሱ ነው። ስለዚህ «ኤሲው ለምን ይበራል፣ ይጠፋል?» የሚለው ጥያቄ ሲጠራ «የክላቹን ኤሌክትሪክ ማን ቆረጠው?» ይሆናል። ይህን ሳይመልሱ ጋዝ ጣሳ መክፈት፣ ዳኛው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይግባኝ እንደማለት ነው።

ለመቁረጥ ሥልጣን ያላቸው ብዙ አይደሉም። በእንደዚህ ዓይነት የቶዮታ መኪና ላይ ከኮንደንሰሩ (ራዲያተሩ ፊት ሆኖ የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ ከሚጥለው) በሚወጣው የፈሳሽ መስመር ላይ ባለ ሁለት ተግባር የግፊት ስዊች አለ፤ ግፊቱ ከ28 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሲያንስ ወይም ወደ 455 ፒኤስአይ ሲደርስ ይቆርጣል። የካቢኑን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር ላይ የተሰካው የሙቀት ዳሳሽ፣ ቴርሚስተሩ፣ ኢቫፖሬተሩ በረዶ እንዳይሠራ 3 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ያስቆርጣል። የሞተሩ ኮምፒውተርም ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ወይም ነዳጅ መርገጫው እስከ ጥግ ሲረገጥ ያቋርጣል። አራተኛው ያለ ትእዛዝ የሚለቀው ክላቹ ራሱ ነው፤ በሳህኑና በፑሊው መካከል ያለው ክፍተት በመፋቅ ሲሰፋ፣ ኮይሉ ሞቆ ሲደክም ማግኔቱ ሳህኑን መያዝ ያቅተዋል።

ከአራቱ አራተኛውን ለመለየት አንዲት የመፈተሻ መብራት ትበቃለች። መብራቷ ከክላቹ ሽቦ ጋር ትገናኝና ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ይጠበቃል። ክላቹ ሲለቅ መብራቷ ከበራች ቀጠለች ማለት ኤሌክትሪኩ አለ፣ ጥፋቱ የክላቹ ነው ማለት ነው፤ ክፍተቱ በፊለር ጌጅ (በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ) ይለካል፣ ከ0.35 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። መብራቷ ከክላቹ ጋር አብራ ከጠፋች ደግሞ ክላቹ ታዛዥ ነው፤ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው። እዚህ መኪና ላይ አብራ ጠፋች።

ቀጥሎ ቴርሞሜትር በመሃለኛው የአየር መውጫ ላይ ተሰካ። ክላቹ በሚለቅበት ቅጽበት የሚወጣው አየር 20 ዲግሪ ነበር። ቴርሚስተሩ ጤነኛ ከሆነ በዚህ ሙቀት የሚያስቆርጥበት ምክንያት የለውም፤ ተነቅሎ ሲለካም 25 ዲግሪ ላይ 1.5 ኪሎ ኦም አካባቢ አሳየ፣ ትክክል ነው። የሞተሩ የሙቀት መርፌ ከወትሮው ትንሽ ከፍ ብትልም ወደ ቀዩ አልቀረበችም። የቀረው የግፊት ስዊቹ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ቦታ የሚደረገውን መጥቀስ ይገባል፦ የስዊቹን ሁለት ሽቦዎች በቀጥታ ማገናኘት። መኪናው በእርግጥ መቆራረጥ ያቆማል። ግፊቱም እየወጣ ይሄዳል፤ የኮምፕሬሰሩ የማስተንፈሻ ቫልቭ እስኪከፈት ወይም ቱቦ እስኪፈነዳ ድረስ የሚከለክለው ነገር የለም። ለፍተሻ እንኳን ቢሆን የግፊት መለኪያ ጌጅ ሳይገጠም አይደረግም።

ጌጁ ምን አለ?

ጌጁ ተገጠመ፣ ሰማያዊው ቱቦ በዝቅተኛው፣ ቀዩ በከፍተኛው መስመር። ጥላ ሥር የተለካው ሙቀት 31 ዲግሪ፤ በሮች ተከፍተው፣ ነፋሱ እስከ መጨረሻው ተደርጎ፣ ሞተሩ በደቂቃ 1500 ዙር ተያዘ። ሰማያዊው 58 ላይ ቆመ። ቀዩ ግን አልቆመም፤ 250፣ 300፣ 380 እያለ ወጣና ወደ 450 ሲጠጋ «ቀጭ»። ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ፤ 370 አካባቢ ሲደርስ ክላቹ ተመልሶ ያዘ። በዚህ ዓይነት ስዊች ላይ መቁረጫውና መመለሻው የተራራቁት ይህን ያህል ነው፤ ስለዚህ የሚያርፍባቸው 35 ሴኮንዶች ግፊቱ ከላይ እስከ 370 ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ ናቸው።

ጥያቄው ተመለሰ፤ የሚያጠፋው የከፍተኛ ግፊት መከላከያው ነው። ጋዝ አንሶ አይደለም። እንዲያውም በዚህ ዓይነት መኪና ጋዝ ሲያንስ ክላቹ እንዲህ አይቆራረጥም። ስዊቹ ያለው በከፍተኛ ግፊት መስመር ላይ ስለሆነ 28 ፒኤስአይ ለመድረስ ጋዙ ሊያልቅ ጥቂት መቅረት አለበት፤ ከዚያ በፊት የሚታየው ሳያቋርጥ የሚሠራ ግን የማያቀዘቅዝ ኤሲ ነው። «በየጥቂት ሴኮንዱ የሚቆራረጥ ከሆነ ጋዝ አንሷል» የሚለው ምክር የሚሠራው መቁረጫ ስዊቻቸው በዝቅተኛው መስመር፣ በአኪሙሌተሩ (ከኢቫፖሬተሩ ቀጥሎ ባለው ማጠራቀሚያ) ላይ በሆነ ብዙ የአሜሪካ መኪናዎች ላይ ነው። እነሱ ከ25 ፒኤስአይ በታች ሲወርድ ቆርጠው ከ40 በላይ ሲወጣ ይመልሳሉ፣ ስለዚህ ጋዝ ሲያንሳቸው በእርግጥ ቶሎ ቶሎ ይቆራረጣሉ። ምክሩ ውሸት አይደለም፤ የሌላ መኪና ነው።

ጌጅ ስለማንበብ አንድ ነገር፣ በተለይ ለአዳማና ለሐዋሳ። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ ከ1600 እስከ 1700 ሜትር ግድም ላይ ናቸው። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 82 በመቶ ያህል ነው፣ 12 ፒኤስአይ ገደማ። ጌጅ የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ፣ ከውጭ በመጣ ሰንጠረዥ ላይ ያለው ቁጥር እዚህ በ2 ተኩል ፒኤስአይ ያህል ከፍ ብሎ ይነበባል። 300 ላይ ይህ ምንም አይደለም፤ 30 ላይ ግን ልዩነት አለው። ከዚህ የሚበልጠው ግን ስስ አየር ነው፤ ፋኑ በዞረ ቁጥር ኮንደንሰሩ ላይ የሚያሳልፈው የአየር ክብደት በዚያው ልክ ያንሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚበቃ ፋን እዚህም ይበቃል፣ ምክንያቱም ሙቀቱ እዚያ ይብሳል፤ ግን የደከመ ፋን እዚህ የሚደበቅበት ቦታ የለውም።

ውሃ፣ ከዚያ ወረቀት

ከፍተኛው ግፊት ለምን ወጣ? ኮንደንሰሩ ሙቀቱን መጣል አልቻለም፣ ወይም ከመጠን በላይ ጋዝ አለ፣ ወይም ውስጡ አየር ገብቷል፣ ወይም መስመር ላይ መዘጋት አለ። ከሁሉ በፊት የሚደረገው ፈተና አንድ ጆግ ውሃ ነው። ክላቹ ይዞ ቀዩ 380 ላይ እያለ ኮንደንሰሩ ላይ ከፊት በኩል ቀስ ተብሎ ውሃ ተለቀቀበት። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ወደ 240 ወረደ፤ ውሃው እየፈሰሰ እስከቆየ ድረስም ክላቹ አልለቀቀም። ውሃው ሲያልቅ መርፌዋ መውጣት ጀመረች። ይህ ማለት ከኮንደንሰሩ ውጭ በኩል የሚፈለገው ማቀዝቀዝ የለም።

ፋኑ ግን ይዞራል። በዓይን ይታያል፣ በጆሮም ይሰማል፣ «ገና በየካቲት የተቀየረ» ነው። ብዙ ፍተሻ የሚያበቃው እዚህ ነው፦ ፋኑ ይሠራል፣ እንለፈው። ፍተሻው የሚያልቀው ግን «ይዞራል» ሲባል ሳይሆን «ወዴት ነው የሚነፍሰው» ሲባል ነው።

አንድ ነጭ ወረቀት ኮንደንሰሩ ፊት፣ ፍርግርጉ ላይ ተያዘ። ፋኑ ከራዲያተሩ ኋላ ስለሆነ አየሩን ከፊት ወደ ሞተሩ መሳብ አለበት፣ ወረቀቱም ኮንደንሰሩ ላይ ተለጥፎ መቅረት ነበረበት። አልተለጠፈም። ወደ ፊት ተገፍቶ ወደቀ። ፋኑ በተቃራኒው ነው የሚዞረው፤ የሞተሩን ትኩስ አየር በራዲያተሩና በኮንደንሰሩ አሳልፎ ወደ ፊት ይተፋዋል። (ወረቀቱ በጫፉ ይያዝ፤ ጣት ወደ ፋኑ አይቅረብ፣ ፋን ያለ ማስጠንቀቂያ ይነሣልና።)

ያቺ እንግዳ ነገር አሁን ትርጉም አገኘች። መኪናው ሲቆም የተገለበጠው ፋን ደካማም ቢሆን የተወሰነ አየር ያንቀሳቅሳል፤ የላሜራዎቹ ጥምዝ ለዚያ አቅጣጫ ስላልተሠራ ግማሽ ልብ ነው፣ ግን ይንቀሳቀሳል። በፈጣን መንገዱ ከፊት የሚመጣው ንፋስ ፋኑን አሸንፎ ያልፋል። በሠላሳና በአርባ ግን ከፊት የሚገባው ንፋስና ከኋላ የሚገፋው ፋን ይተካከላሉ፤ ኮንደንሰሩ ላይ አየሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሁለት ሰው በር በሁለት በኩል ሲገፋ በሩ የማይንቀሳቀሰው ዓይነት።

ምክንያቱ ሽቦው ላይ ተገኘ። የተገዛው ያገለገለ የፋን ሞተር ከሌላ መኪና የወጣ ነው፤ ሶኬቱ አልገጥም ሲል ተቆርጦ ሽቦው በሽቦ ተጠማዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል፤ ቀለም ከቀለም ጋር ተዛምዶ። የሽቦ ቀለም ግን ከአምራች አምራች ይለያያል። የዚህ ዓይነት የፋን ሞተር ሁለቱ ሽቦዎች ሲቀያየሩ አይቃጠልም፣ ድምፁም እምብዛም አይለወጥም፣ ዝም ብሎ ወደ ሌላ በኩል ይዞራል። የተጠማዘዘው መጋጠሚያም የራሱን ያህል ይበላ ነበር፦ ባትሪው ላይ 13.9 ቮልት እያለ ሞተሩ ላይ የደረሰው 12.1 ነው። ሽቦዎቹ ተቀያይረው በብየዳ ተያያዙ፣ በሙቀት በሚጨማደድ ሽፋን ተሸፈኑ፣ ሞተሩ ላይ 13.5 ቮልት ደረሰ። ወረቀቱ ተለጠፈ።

ክላቹ መልቀቅ አቆመ። ባለቤቱ ቁልፉን ሊወስድ እጁን ዘረጋ።

መቆራረጡ ቆመ ማለት አለቀ ማለት አይደለም

ቀዩ ጌጅ አሁን 285 ላይ ነው፣ ከአየር መውጫው የሚመጣውም 13 ዲግሪ። ለ31 ዲግሪ ቀን ይህ ከፍተኛ ነው። ጠቃሚው ስሌት ይህ ነው፦ ጤነኛ ኮንደንሰር ውስጥ ጋዙ ወደ ፈሳሽ የሚለወጥበት ሙቀት ከውጭው አየር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያህል ይበልጣል። 31 ላይ 17 ቢጨመር 48 ዲግሪ፤ የኤሲው ጋዝ፣ አር 134ኤ፣ በ48 ዲግሪ በአዳማ ጌጅ ላይ 170 ፒኤስአይ ገደማ ነው። መኪናው ቆሞ እየተለካ፣ ሙቀትም ከአስፋልቱ እየተመለሰ ስለሆነ እስከ 220 ድረስ ይታለፋል። 285 አይታለፍም። መኪናው እንዲህ ቢለቀቅ ኖሮ ሌላ ወር ይሠራ ነበር፤ ኮምፕሬሰሩም ቤልቱም ከአቅም በላይ እየተሸከሙ።

መኪናው አደረ። ያደረበትም ምክንያት ነበረው። ሌሊቱን የቆመ መኪና ሁሉ ነገሩ እኩል ይቀዘቅዛል፣ ያኔ የቆመ ግፊት ይለካል። ማለዳ ኮንደንሰሩ ላይ የተደረገው ቴርሞሜትር 20 ዲግሪ አለ። ንጹሕ አር 134ኤ በ20 ዲግሪ አዳማ ላይ 71 ፒኤስአይ ማሳየት አለበት (በባሕር ዳርቻ 68)። ጌጁ 83 አለ። ፈሳሽና ትነት አብረው እስካሉ ድረስ የጋዙ መብዛት ይህን ቁጥር አይለውጠውም፤ ግማሽ ቢሆን፣ ሙሉ ቢሆን፣ ሲትረፈረፍ ያው 71 ነው። የቆመ ግፊት ስለ መጠኑ ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ምንነቱ ነው። ትርፉ 12 ፒኤስአይ ሌላ ነገር ነው፤ ከሁሉ የቀረበው አየር። ጋዝ ሲጨመር የጌጁ ቱቦ ውስጥ ያለው አየር ቀድሞ ካልተነፈሰ ያ አየር ሁሉ ወደ ሲስተሙ ይገባል፤ ሁለት ጊዜ ተጨምሯል፣ ሁለት ጊዜ ገብቷል። አየር እንደ ጋዙ ወደ ፈሳሽ አይለወጥም፤ ኮንደንሰሩ አናት ላይ ተቀምጦ ቦታ ይይዛል፣ ግፊት ይጨምራል፣ እርጥበትም ይዞ ይገባል። ጣሳው ውስጥ የነበረው ራሱ ሌላ ጋዝ የተደባለቀበት ሊሆን የሚችልበት ዕድልም አለ፤ ጌጅ ብቻ ሁለቱን አይለይም። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ሁሉንም አውጥቶ መጀመር።

ከዚያ በፊት እጥበት። የራዲያተሩ የላይ መያዣዎች ተፈትተው ወደ ኋላ ሲዘነበል በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል ያለው ክፍተት አቧራ፣ ሣርና የሞተ ነፍሳት እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎበት ተገኘ። የአዳማን ንፋስ የሚያውቅ አይደነቅም። ከኋላ ወደ ፊት በተራ የቧንቧ ውሃ ታጠበ። ላቫጆ ቤት ያለው ባለ ግፊት ውሃ በቅርብ ከተለቀቀ ስስ ክንፎቹን አጣጥፎ አየር መግቢያውን ይደፍነዋል፤ አቧራውን አጥቦ በሩን መዝጋት ነው።

ጋዙን ማውጣትና በሚዛን መመለስ

ጋዙ በመምጠጫ ማሽን ወደ ሲሊንደር ተወሰደና ተመዘነ። ኮፈኑ ሥር ያለው ስቲከር ላይ ከተጻፈው መጠን በ180 ግራም በልጦ ተገኘ። ትንሽ መኪና ላይ ይህ ቀላል አይደለም፤ ትርፉ ፈሳሽ ኮንደንሰሩ ውስጥ ተኝቶ ማቀዝቀዣ መሆን የነበረበትን ቦታ ይይዛል። የወጣው ጋዝ ንጽሕናው ስለተጠረጠረ ተመልሶ አልተሞላም፣ «የተበላሸ» ተብሎ ተጽፎበት ለብቻው ተቀመጠ። ወደ አየር አይለቀቅም፦ አር 134ኤ በ100 ዓመት ስሌት ምድርን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1430 ጊዜ ይበልጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በጸደቀው የኪጋሊ ማሻሻያ (የዓለም አቀፉ የሞንትሪያል ስምምነት ማሻሻያ) ቁጥጥር ውስጥ ከገቡት ጋዞች አንዱም ነው። ለሠራተኛውም አደጋ አለው፤ ፈሳሹ በአዳማ የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። መነጽርና ጓንት ይደረጋል።

ከጋዙ እርጥበት የሚመጥጠው ድራየር ተቀየረ። መኪናው ብዙ ስላልተከፈተ «አያስፈልግም» የሚል ክርክር ይነሣል፤ ነገር ግን እርጥበት የያዘ አየር ሁለት ጊዜ ከገባ በኋላ የጠገበ ድራየር ማስቀረት፣ ነገ ኤክስፓንሽን ቫልቩ (ፈሳሹን ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚያስገባው ጠባብ ቀዳዳ) ላይ በረዶ መጥራት ነው። አዲሶቹ ኦ-ሪንጎች በዘይት ተቀብተው ገቡ፤ ለአዲሱ ድራየር 10 ሚሊ ሊትር ፒኤጂ 46 ዘይት ተጨመረ። የዝቅተኛው መስመር መሙያ ቫልቭ ቀድሞ በሳሙና አረፋ ሲፈተሽ ትንሽ ትንሽ አረፋ ይሠራ ነበር፤ ክዳኑም የለም። የውስጧ ቫልቭ ተቀየረች፣ ክዳን ተገኘላት።

ከዚያ ቫኪዩም። እዚህ ላይ ብዙ ፖምፕ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። መመሪያዎች «እስከ 29 ኢንች» ይላሉ፤ አዳማ ላይ ግን ፍጹም ባዶ ቢሆን እንኳ የጌጁ መርፌ ከ24 ተኩል ኢንች አካባቢ አታልፍም፣ የከተማው አየር ግፊት ራሱ ያን ያህል ነውና። 24 ተኩል ላይ የቆመ መርፌ ሥራውን ጨርሷል። ፖምፑ 45 ደቂቃ ሠራ፤ እርጥበቱ ተንኖ የሚወጣው በጊዜ ስለሆነ መርፌዋ በ5 ደቂቃ ውስጥ ታች ስትደርስ ማቆም ስሕተት ነው። ተዘግቶ 20 ደቂቃ ተጠበቀ። መርፌዋ አልነቃነቀችም።

ሲሞላ ጣሳው ሚዛን ላይ ተቀመጠ፣ ቱቦው ተነፈሰ። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ፈሳሹ በቀዩ በኩል የሚገባውን ያህል ገባ፤ ከዚያ የቀዩ ቫልቭ ተዘጋ። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ቀዩ በምንም ምክንያት አይከፈትም፤ 200 ፒኤስአይ ወደ ጣሳው ከተመለሰ ጣሳው ይፈነዳል። የቀረው ጣሳው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ትነት ሆኖ፣ በሰማያዊው በኩል ቀስ እያለ ገባ፤ ፈሳሽ በዚህ በኩል ከገባ ኮምፕሬሰሩን ይሰብራል። ሚዛኑ የስቲከሩን ቁጥር ሲል ቆመ። ጌጅ እያዩ «በቃ፣ ቀዝቅዟል» እያሉ መሙላት ግምት ነው፤ እነዚያ 180 ግራሞችም የገቡት እንዲያ ነበር።

በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ያው 31 ዲግሪ፣ ያው 1500 ዙር፣ በሮች ተከፍተው፦ ሰማያዊው 36፣ ቀዩ 195፣ ከአየር መውጫው 9 ዲግሪ። ከውጭ የሚታየው የኮምፕሬሰሩ ማስተንፈሻ ቫልቭ ዙሪያ የዘይት ምልክት አልነበረም፤ ግፊቱ እስከዚያ ሳይደርስ ስዊቹ ቀድሞለታል።

ሌላ መኪና ቢሆን ኖሮ

የዚህ መኪና መልስ ለሌላው አይሆንም፤ መንገዱ ግን ይሆናል። ኤሲው ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ በደንብ ሠርቶ፣ ከዚያ ሰማያዊው ጌጅ ከዜሮ በታች ወርዶ ቅዝቃዜ ከጠፋ፣ አጥፍተው ጥቂት ሲቆዩም ከተመለሰ፣ እርጥበት ኤክስፓንሽን ቫልቩ ላይ በረዶ እየሆነ ነው። ነፋሱ ራሱ እየደከመ ከሄደና ከመኪናው በታች የሚንጠባጠበው ውሃ ካቆመ ኢቫፖሬተሩ በረዶ ለብሷል፤ ቴርሚስተሩ ከቦታው ወጥቶ ተንጠልጥሎ እንደሆነ ይታይ፣ የካቢን ፊልተሩም ይወጣ። ዳገት ላይ ብቻ የሚለቅ ከሆነ ነዳጅ መርገጫውና ኮምፒውተሩ ናቸው፣ ጥፋት የለም። ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚለቅ፣ የመፈተሻ መብራቷም በርታ የምትቀር ከሆነ የክላቹ ክፍተት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሳህኑ ሥር አንዲት ሺም (ስስ ቀለበት) በማውጣት ይስተካከላል፣ ኮምፕሬሰር መግዛት አያስፈልግም። ሪሌው (የክላቹን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውና የሚቆርጠው) በእጅ ሲነካ ከተቆራረጠ ሪሌው ነው፤ ከጎኑ ካለው ተመሳሳይ ጋር ቦታ ማለዋወጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ላይ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ መጠኑን ራሱ ስለሚቀያይር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ጨርሶ የለም፤ እዚያ ድምፅ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ቪትዙ በወጣ በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ፦ «አሁንም ያጠፋል!» ምሽት 1 ሰዓት ላይ፣ ከሶደሬ ሲመለስ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ሁለት ሰው ብቻ ይዞ። ሲጠፋ የሚወጣው አየር ይሞቃል ወይ ተብሎ ተጠየቀ። አይሞቅም፤ እንዲያውም ተሳፋሪዋ ቀንሱልን ብላለች። መኪናው በማግሥቱ መጥቶ ሲለካ፣ በተዘጋ መስኮት አየር መውጫው 5 ዲግሪ ሲደርስ ክላቹ ለቀቀ፣ 8 ሲደርስ ያዘ፤ ቀዩ ጌጅ ከ200 አላለፈም። ድምፁ ያው «ቀጭ» ነው። የሚያዝዘው ግን አሁን ቴርሚስተሩ ነው።